አዲስ እትምና የተጫዋቾች ቅሬታ
«ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በየገጸ ባሕርያቸው ታሪክ የሚፈጥሩበት፣ የድርጊታቸውንም ውጤት ዳይስ በመጣል የሚወስኑበት ጨዋታ ሲሆን፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው አራተኛ እትም ወዳጆቹን ለሁለት ከፈለ። እትሙ የጠንቋዩን አስማትና የተዋጊውን የሰይፍ ምት በአንድ ሥርዓት፣ ማለትም ሁልጊዜ፣ በየፍልሚያው አንዴ ወይም በቀን አንዴ የሚሠሩ ችሎታዎች አድርጎ ስላቀረበ፣ ከፊሎቹ ሚዛናዊነቱን ሲያደንቁ ሌሎቹ የገጸ ባሕርያቱ ልዩነት ደበዘዘ ብለው አዘኑ፤ ብዙዎችም በቀድሞው ሕግ ላይ ተመሥርቶ በ2009 ወደታተመው «ፓዝፋይንደር» ተሻገሩ። የጨዋታ ሕግ፣ ጓደኛሞች ለዓመታት አብረው የገነቡት ታሪክ ምሰሶ በመሆኑ፣ ይህን ቅሬታ ለውጥን ከመጥላት ብቻ እንደመነጨ መቁጠር ፍትሐዊ አይደለም። አምስተኛው እትም በ2014 የታተመው ረቂቁ አስቀድሞ በተጫዋቾች እጅ ከተፈተነ በኋላ ሲሆን፣ ጨዋታን የሚያድስ ሁሉ ሊከተለው የሚገባው መንገድም ይኸው ነው።