ዘሩና መራጩ

ገበሬ ለዘር የሚሆነውን እህል ከጎተራ ሲያወጣ ያገኘውን እፍኝ ሁሉ አይበትንም፤ በሰፌድ አበጥሮ፣ ነቀዝ የበላውን ለይቶ ነው ወደ እርሻው የሚወርደው። ይህ ጥንታዊ ጥበብ ባልተጠበቀ ስፍራ፣ በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ፣ ዳግም ተገልጦ ይገኛል።

ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል የተባሉ ሁለት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ኤሊት» የተሰኘውን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1984 ለሕዝብ አቀረቡ። ተጫዋቹ በጠፈር መርከብ ከፕላኔት ወደ ፕላኔት እየተዘዋወረ ይነግዳል፤ ይዋጋልም። ጨዋታው የተሠራበት ቢቢሲ ማይክሮ የተባለው ኮምፒዩተር የነበረው ሜሞሪ ግን 32 ኪሎባይት ብቻ ነበር። በዚህ ጠባብ ጎተራ ውስጥ 2,048 ፕላኔቶችን ከነስማቸው፣ ከነአስተዳደራቸውና ከነኢኮኖሚያቸው ዘርዝሮ ማስቀመጥ የማይታሰብ ነበር።

መፍትሔው ዓለሙን ትቶ ዘሩን ብቻ ማስቀመጥ ሆነ። ዘሩም 23114፣ 584 እና 46931 የተባሉት ሦስት ቁጥሮች ናቸው። ሦስቱ ሲደመሩ አዲስ ቁጥር ይወለዳል፤ የፊተኛው ይወጣና አዲሱ ከኋላ ይሰለፋል፤ ድምሩም እንደገና ይቀጥላል። ከዚህ የቁጥር ጅረት የ256 ፕላኔቶች ቦታ፣ ጠባይና ስም ይቀዳል። ዘሮቹ በተወሰነ ሥርዓት ሲገላበጡ ደግሞ ሌሎች ጋላክሲዎች ይፈልቃሉ፤ በድምሩም ስምንት ይሆናሉ። ውጤቱ ዕጣ ቢመስልም ጽኑ ሥርዓት ያለው ነው፤ ተጫዋቹ ጉዞውን የሚጀምርባት «ሌቭ» የተባለች ፕላኔት ለማንም ተጫዋች ያችው አንዲት ሌቭ ናት።

የሁለቱ ወጣቶች ድካም ስሌቱን በመጻፍ አላበቃም። ልዩ ልዩ ዘሮችን እየሞከሩ፣ እያንዳንዱ ዘር ያፈራውን ዓለም ይመረምሩ ነበር። እነርሱ እንደተረኩት፣ በአንድ ሙከራ ላይ ስሟ በእንግሊዝኛ ነውር የሆነ ፕላኔት ብቅ አለች። ስሟን ለመለወጥ ሲባል ዘሩ ቢነካ ጎረቤቶቿ ሁሉ አብረው ይለወጣሉ። ስለዚህ በአንዲት ቃል ምክንያት ጋላክሲው በሙሉ ተጣለ። በሦስቱ ቁጥሮች ሊጻፉ የሚችሉት ዘሮች ከ281 ትሪሊዮን በላይ ናቸው፤ ለሕዝብ የቀረቡት ጋላክሲዎች ግን ስምንት ብቻ ነበሩ።

ዛሬ መሣሪያ በቅጽበት ሥዕልና ስንኝ ሲያዘንብ፣ የኪነ ጥበብ ሰው «ለእኔ የቀረኝ ድርሻ ምንድን ነው?» እያለ ይጨነቃል። ጭንቀቱ ከንቱ አይደለም። ቢሆንም የኤሊት ታሪክ አንድ ቁም ነገር ያመለክታል። ቁጥር ብዛትን ያለ ስስት ይሰጣል፤ «ይህ ለሰው አይቀርብም» ብሎ መፍረድን ግን አያውቅም። በዚያች ስም ያፈሩት ሁለቱ ወጣቶች ናቸው፤ ስሌቱማ ያንኑ ስም ሺህ ጊዜ ቢጠየቅ ሺህ ጊዜ ይደግመው ነበር። ደራሲም፣ ሠዓሊም፣ መምህርም የጣሉት ነገር ለአደባባይ አይታይም፤ ያቀረቡት ግን በስማቸው ይጠራል። ሰፌዱን የያዘ ሰው ለአዝመራውም ተጠያቂ ነው።