የጀልባዋ ጀርባ

ጀልባ ሊገዛ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ቀለሟን ያያል፤ ቀጥሎ ሞተሯን አስነሥቶ ድምፁን ያዳምጣል። ወደ ኋላዋ ዞሮ፣ ሞተሩ የተንጠለጠለበትን ግድግዳ በመዶሻ ኳ ኳ አድርጎ የሚያዳምጥ ግን ጥቂት ነው። እኔም ይህን የተማርኩት ለዲፕሎማዬ ጋዜጠኝነት ስማር አይደለም፤ በ2010 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ባሕር ዳር፣ በታላቅ ወንድሜ ግቢ ውስጥ ነው።

ወንድም ጋሼ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ያን ጊዜ እንግዶችን ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት የሚያመላልስባት አንዲት የፋይበር ግላስ ጀልባ ነበረችው። ከነጂው ጋር ስምንት ሰው ትይዛለች። የወገብ ሕመሙ አላስቀምጥ ቢለው ሊሸጣት ቆረጠና፣ «ጋዜጠኛ አይደለህ? ለማስታወቂያ የምትሆን ሁለት መስመር አሳምረህ ጻፍልኝ» ብሎ ከአዲስ አበባ ጠራኝ።

ስደርስ ጀልባዋ ከማንጎው ዛፍ ሥር በወፋፍራም እንጨቶች ላይ ተቀምጣ፣ አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብታ እንደ ሙሽራ ታበራለች። ዞር ዞር ብዬ አየኋትና እዚያው ቆሜ ጻፍኩ፦ «ጠንካራ፣ እንከን የሌላት...»። ሳነብለት ወንድም ጋሼ ዝም አለ። አማርኛዬ ያልጣመው መስሎኝ ሌላ ቃል እያሰብኩ ሞተሩን ደገፍ አልኩት። ሞተሩ ዘመም ሲል ግድግዳውም አብሮት ዘመም አለ፤ ከአንዱ ብሎን ሥር ቡናማ ውሃ ጠብ አለ።

«ስንት ጊዜው ነው?» አልኩት።

«ሁለት ክረምት።» ቀና ብሎ አላየኝም። «ሲሰነጠቅ ስቱኮ እሞላበታለሁ፤ ቀለም እቀባዋለሁ። ከዚያ ደግሞ ሰው እጭናለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህች ዓይነቷ ጀልባ የኋላ ግድግዳ ላዩን ሲያዩት ድፍን ፋይበር ይመስላል እንጂ፣ በሁለት የፋይበር ቆዳዎች መካከል ኮምፔንሳቶ አለበት። የወንድም ጋሼ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር 70 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ክብደቱና ግፊቱ የሚያርፈው በዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ፋይበሩ አይበሰብስም። ነገር ግን ለሞተሩ ብሎን፣ ለውሃ ማፍሰሻው ውታፍ፣ ለአንዲት ትንሽ ቪቴ ተብሎ በተበሳ ቀዳዳ ውሃ ይሰርጋል፤ አንዴ ከገባ መውጫ የለውም። የጣናን ታንኳ አስቡት። ደንገል ነውና ውሃ ይጠጣል፤ ባለቤቱ ግን ከሐይቅ ሲመለስ ከዳር አውጥቶ ያቆመዋል፤ ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል። ዕድሜው አጭር ቢሆንም ሲደክም ያስታውቃል። የእኛዋ ግን ውስጧ እየበሰበሰ ላይዋ ያበራ ነበር።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። «እንግዲያው ‹ጠንካራ› የሚለውን እናውጣና ‹በጥሩ ይዞታ ላይ ያለች› እንበል። የቀረውን ገዢው ራሱ አይቶ ይወስን» አልኩት። ከቃላት ጋር የሚውል ሰው እንዲህ ያለውን መሸሸጊያ ለማግኘት ጊዜ አይፈጅበትም።

ወንድም ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ዐፈር ዐፈሩን ሲያይ ቆየና፣ «ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ጣና ሲናወጥ፣ ሞተሩ ከነግድግዳው ቢገነጠልበት፣ ያን ጊዜስ የትኛውን ቃል ታወጣለህ?» አለኝ።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ሥራው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ሞተሩን ከማንጎው ቅርንጫፍ ጋር በገመድ አንጠልጥለን አወረድነው። ወንድም ጋሼ ግድግዳውን በመዶሻ እየመታ በከሰል ምልክት ያደርግ ጀመር፤ ደህናው እንጨት ጠራ ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ዱብ ዱብ ይላል። ከሁለቱ ማዕዘኖች በቀር ሁሉም ዱብ ዱብ ነበር። ቅርጿን እንዳታጣ የውጪውን ቆዳ ሳንነካ፣ የውስጡን ዙሪያውን አራት ጣት ያህል ትተን በግራይንደር ቆረጥነው። እንጨቱን ለማውጣት መሮ አዘጋጅተን ነበር፤ አብዛኛው ግን በእጅ ተዛቀ። እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ርሷል፤ ሽታው ሳይታጠብ የከረመ የጠላ ጋን ሽታ ነው። ወንድም ጋሼ አንድ ባልዲ ሙሉ ለይቶ አስቀመጠ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

የፋይበር ብናኝ እንዴት እንደሚያሳክክ የቀመሰ ያውቀዋል። አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን እንኳ አንገታችንና ክንዳችን አልተረፈም። የወንድሜ ሚስት በቀዝቃዛ ውሃ ሳንታጠብ ደጃፏን እንዳንረግጥ ከለከለችን፤ አልተሳሳተችም።

ባዶው ግድግዳ ሦስት ቀን ፀሐይ ሲሞቅ ሰነበተ። ከዚያ ልኩን በካርቶን ወሰድን፤ ሙጫው በውሃ የማይፈታ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ሁለት ቆርጠን አጣበቅን። ኮምፔንሳቶ ይበልጥ ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነውና፣ ጠርዙን በተለይ ሬዚን አጠገብነው። ሬዚኑ እንዲጠነክር ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 20 ግራም ማድረቂያ ይበቃዋል። እኔ ቶሎ ይድረስ ብዬ በግምት አፈሰስኩበት፤ ጣሳው እጄ ላይ ግሎ ጨሰና ድንጋይ ሆነ። «ጽሑፍ መሰለህ፣ ቸኩለህ የምትጨርሰው?» ብሎ ሳቀብኝ። በዚያ ሰሞን ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አዲሱን እንጨት በወፈረ ሬዚን ላይ አስቀምጠን በሞርሳና በብሎን ስናጠብቀው፣ ትርፉ በየጠርዙ ፈሰሰ። «ይፍሰስ፤ ከሥሩ አየር እንዳይቀር ነው» አለ። የአሮጌውን ቆዳ ጠርዝ ተዳፋት አድርገን ከሞረድነው በኋላ፣ የፋይበሩን ምንጣፍ በላዩ ደራርበን፣ እያንዳንዱን ሬዚን እያጠጣን፣ አረፋውን በሮለር እያስወጣን አሮጌውን ከአዲሱ አገናኘነው።

በመጨረሻ የብሎኖቹ ቀዳዳ ቀረ። ወንድም ጋሼ በትራፓኖ ከሚፈለገው አስፍቶ በሳ፤ በሬዚን ደፈነው፤ ሲደርቅ መካከሉን እንደገና በሳ። እንዲህ ሲሆን ብሎኑ ሬዚን እንጂ እንጨት አይነካም። «ያኔ የሰሰትኩት ይህችን ግማሽ ቀን ነው» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ።

እሑድ ዕለት በሰው በሰው የሰማ አንድ ገዢ መጣ፤ በብድር ገንዘብ ሥራ ሊጀምር የተነሣ ወጣት ነው። ወንድም ጋሼ ጀልባዋን ከማሳየቱ በፊት ባልዲውን አምጥቶ ከፊቱ አኖረው። «ከዚህች ውስጥ የወጣ ነው» አለው። ወጣቱ አንድ ቁራጭ አንሥቶ በጣቱ ቢጫነው ፈረሰ።

«ባይነግሩኝ እኮ አላውቅም ነበር» አለ።

«ሁለት ዓመት ሰው ጭኜባታለሁ» አለ ወንድም ጋሼ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

እኔ ወጣቱ እጁን ጨብጦ የሚያመሰግነው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወንድሜን ትክ ብሎ አየውና፣ «አባቴን ላማክር» ብሎ ወጣ፤ ዋጋ እንኳ አልጠየቀም። ያን ማታ ራት ላይ ማንም ብዙ አልተናገረም።

በአራተኛው ቀን ተመለሰ፤ በእጁ መዶሻ ይዟል። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ጆሮውን አስጠግቶ፣ ኳ ኳ እያደረገ አዳመጠ። ወንድም ጋሼ የሐኪም ቃል እንደሚጠብቅ በሽተኛ ከጎኑ ቆሟል። ድምፁ ጠራ ያለ ነበር። ዋጋው ወንድሜ ካሰበው አነሰ፤ ተስማሙ።

ማስታወቂያዋ አልታተመችም። ወረቀቷ ግን እስከ ዛሬ ከአንድ አሮጌ ደብተሬ ውስጥ አለች፤ «ጠንካራ፣ እንከን የሌላት» በሚለው ላይ መስመር ተሰምሮበታል። አንዳንድ ጊዜ ጽሑፍ ጨርሼ ለአዘጋጅ ከመስጠቴ በፊት አወጣትና አያታለሁ።