«ጌታ ቢፈቅድ»

ዛሬ የምናካፍላችሁ ስለ አይስክሬም ነው፤ አትሳቁብን።

እኛ በምንኖርበት በሚኒሶታ፣ ከሚኒያፖሊስ በሀይዌይ 94 ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ሲነዳ ሙርሄድ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ አንድ የዴይሪ ኩዊን ሱቅ ይገኛል። ገብተው የሚቀመጡበት ቦታ የለውም፤ ደጅ ተሰልፈው በመስኮት ነው የሚገዙት። ዱላ ላይ ተሰክቶ ቸኮሌት የሚነከረው ክቡ ዲሊ ባር በ1955 የተጀመረው እዚሁ ነው። ክረምቱን ዘግቶ ይከርምና በየዓመቱ ማርች 1፣ በእኛ የካቲት 22፣ ይከፍታል። በረዶ ቢኖርም ይከፍታል።

ትልቋ ልጃችን ይህን የሰማችው የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። «እንሂድ» አለችን። «ጌታ ቢፈቅድ» አልናት። ያን ዓመት ሥራ ገባን። በሚቀጥለው ዓመት ኮንፈረንስ ነበረን። በሦስተኛው ዓመት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደክሞን ነው የቀረነው።

አንድ ማታ ታናሽ ወንድሟ ብስክሌት ጠየቀን። ሁለታችንም ባንድ አፍ «ጌታ ቢፈቅድ» አልነው። ልጁ ደስ ብሎት ሲዘል እህቱ ከመጽሐፏ ቀና ሳትል «አይሆንም ማለታቸው እኮ ነው» አለችው።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደንም። ያዕቆብ በመልእክቱ ያስተማረን ቃል ነው፤ በትሕትና ሲባል መልካም ነው። እኛ ግን እንቢ ለማለት ድፍረት ስናጣ የጌታን ስም ከፊታችን አቁመን ከኋላው ተደበቅን። ልጃችን ከእኛ የተማረችው ደግሞ እኛ እንደማንፈልግ ብቻ አይደለም፤ እርሱ እንደማይፈቅድ ነው። ጠዋት አስቀምጠን ይቅርታ ጠየቅናት። «እሺ» አለች። እንዳላመነችን ግን ፊቷ ይናገር ነበር።

ማርች 1 ቅዳሜ ዋለ። የሥራ ተራችንን አስቀይረን በጠዋት ወጣን። ስንደርስ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ጓንት ያደረጉ ሽማግሌዎች፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ ሕፃናት። ከፊታችን የነበሩ አንዲት እናት በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ይመጡ እንደነበር አጫወቱን። ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ከማሽኑ የሚቀዳው ለስላሳ አይስክሬም ኮኑ ላይ ተጠምዝዞ፣ ጫፉ ጎንበስ ብሎ ወጣልን። በዚያ ብርድ አይቀልጥም፤ ቀስ ብለን በላን። ትንሹ ካፖርቱ ላይ ቸኮሌት ደፋ። ትልቋ ምንም አልተናገረችም፤ ዝም ብላ ትበላለች፣ አልፎ አልፎ እኛን ታያለች።

ስንመለስ፣ ተኝታለች ብለን ስናስብ፣ ከኋላ ወንበር «ለሚቀጥለው ዓመትስ?» አለች።

የለመደው ቃል ምላሳችን ላይ መጣ። ተያይተን ዝም አልን። ከዚያ «የሥራ ፕሮግራማችንን አይተን ማክሰኞ እንነግርሻለን» አልናት።

ማክሰኞ እራት ላይ፣ እኛ ሳንጀምር፣ እርሳስና ካላንደር ይዛ መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች።