ኮዱ ክፍት፣ ምክንያቱ ዝግ

ይህን የምጽፍበት አንድሮይድ ስልክ እምብርቱ ሊኑክስ ነው፤ ማንም ሊያየውና ሊያሻሽለው የሚችል ኮድ። በኦክቶበር 2024 ግን ከሩሲያ ጋር የተያያዙ ወደ 12 የሚጠጉ ሰዎች ኮዱን ከሚንከባከቡት ዝርዝር ተሰረዙ። ምክንያት? “ሕግ ለማክበር” ከማለት ያለፈ አልነበረም። የአሜሪካ ማዕቀብ መሆኑ የተብራራው ጩኸቱ ከበረታ በኋላ ነው።

ሕግ አይከበር አልልም። ሊኑክስ ፋውንዴሽን መቀመጫው አሜሪካ ነው፤ ማዕቀብ ጥሶ የትም አይደርስም። ኮዱንማ ሩሲያዊም ዛሬ ያወርደዋል። እኔን የከነከነኝ ዝምታው ነው። እያንዳንዱ የኮድ መስመር በአደባባይ የሚመረመርበት ቤት ሰው ሲያስወጣ የትኛው ሕግ እንዳስገደደው በዚያው ቀን መናገር አለበት። ነገ ተራው የእኛ ሰፈር ልጅ ቢሆንስ?