ሄዶ መመለስ

ፎቶውን አይታችሁ «ከነልጆችህ ወርቅ ቁፋሮ ገባህ እንዴ?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። በተለይ አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቼ ስለተጨነቃችሁ መልሱን እዚሁ ልጻፈው።

ወርቅ ፍለጋ አልሄድንም። የባለቤቴ እህት ከበርበር በስተ ሰሜን፣ አል አቢዲያ የወርቅ ገበያ ሻይና ቡና እየሸጠች ነው የምትኖረው። ልጆቹን ካየቻቸው ቆይታለች። በጥር፣ የበረሃው ሙቀት ሲበርድ፣ ሁለት ሌሊት ውጭ አድረን ልንመለስ ተነሣን።

ልጆቼ የተወለዱት እዚሁ ቡሪ ነው፤ ትልቋ 7፣ ትንሹ 4 ዓመታቸው ነው። የቡምባን ጭስ ያውቃሉ። ከሻ መጣ ሲባል ድምፅ አጥፍቶ መቀመጥ ያውቃሉ። ሽርሽር ግን አያውቁም። ሻንጣ ስናስር ትልቋ «አባዬ፣ ጓደኞቼን ልሰናበት?» አለችኝ። እሷ ያየችው ሻንጣ ያሰረ ሰው ሁሉ፣ ካናዳም ይሂድ ሊቢያ፣ ተመልሶ አልመጣም። ካምፕ ማለትም ለኛ ልጆች ኡም ራኩባ ነው እንጂ ለደስታ ውጭ ማደር አይደለም።

ለመንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 26 በሕጋዊ መንገድ ለሚኖር ስደተኛ የመዘዋወር ነጻነት ይሰጣል። ሱዳን ግን ስምምነቱን ስትቀበል በዚህ አንቀጽ ላይ ተቃውሞ አስመዝግባለች። ስለዚህ አክስት ለመጠየቅም ወረቀት ይጠየቃል። አራት ቀን ተመላልሼ አገኘሁት። እናንተም ያለ ወረቀት አትውጡ፤ ኬላው ብዙ ነው።

ገበያው አጠገብ አላደርንም። እዚያ ወፍጮዎቹ ወርቅ ያለበትን ድንጋይ ይፈጫሉ። ዱቄቱን በውሃና በባዜቃ፣ ሜርኩሪ በምንለው፣ ያሹታል። ባዜቃው ወርቁን ይይዘዋል፤ በእሳት ሲያቃጥሉት ይተንና ወርቁ ይቀራል። ያ ተን ሽታ የለውም፤ የሕፃንን አእምሮና ነርቭ ግን ይጎዳል። እዚያ የምትሠሩ እህቶቼ፣ ልጅ አዝላችሁ ወፍጮና ማቃጠያ አጠገብ ሻይ አታፍሉ። የምትቀመጡትም ነፋሱ ጭሱን ከእናንተ በሚያርቅበት በኩል ይሁን።

እኛ ራቅ ብለን ናይል ዳር፣ ባለቤቱን አስፈቅደን፣ ከተምር ዛፎች ሥር አደርን። ድንኳን የለንም። ሁለት አንገሬብ ተከራየን፣ ሸራ ወጠርን፣ ጊንጥ እንዳይገባበት ጫማችንን ከፍ አድርገን ሰቀልን። አክስታቸው ሥራዋን ዘግታ ጀበናዋን ይዛ መጣች። ሌሊቱ ይበርዳል፤ አራታችን ሁለት ብርድ ልብስ ተሻማን። ትንሹ ኮከብ ሊቆጥር ጀምሮ ሃያ ሳይሞላ እንቅልፍ ወሰደው።

የጂኦግራፊ አስተማሪ አይደለሁ? ጠዋት ስለ ውሃው አስረዳኋቸው። በቡሪ በኩል የሚያልፈው አባይ ካርቱም ላይ ከነጭ አባይ ጋር ተገናኝቶ እዚህ ይደርሳል። አትባራ ከተማ ላይ ደግሞ ተከዜንና ጓንግን የያዘው ወንዝ ይገባበታል። ትልቋ እግሯን ነክራ «ታዲያ የአያቴ አገር ውሃ ነው?» አለች። አዎ፣ የአያትሽ አገር ውሃ ነው። እኔ በመተማ ስወጣ ያየሁት ጓንግም እዚህ ውስጥ አለ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ቡሪ ገባን። ልጄ ቦርሳዋን ሳታወርድ የጎረቤቱን በር አንኳኳች። «መጣሁ! ሄጄ መጣሁ!» ስትል ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። እናቷ ፊቷን አዙራ እንባዋን ጠረገች።

ወገኖቼ፣ ልጆቻችን ከእኛ የተማሩት መሄድን ብቻ ነው። መመለስንም እናሳያቸው። ገንዘቡም ፈቃዱም ከሌለ ቱቲ ደሴት ውሎ መግባት ይበቃል። ዳቦና ውሃ ያዙ፣ ወረቀታችሁን አትርሱ፣ ሳይመሽ ግቡ። ልጆቹ ትተውት የሄዱትን ቤት ተመልሰው ሲያገኙት ይዩ።

ለትልቁ መመለሻ ቀን አምላክ ያብቃን።