በወሰን ላይ ስለሚከፈት መስኮት

ብርሃን ለጻድቁም ለኃጥኡም ሳያዳላ የሚወጣ የፈጣሪ ጸጋ ቢሆንም፣ በከተማ ውስጥ በየትኛው ግድግዳ በኩል ወደ ቤት እንደሚገባ የሚወስነው የሰው ሕግ ነው። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ በዋሽንግተን ከተማ ተያይዘው ከተሠሩት የጡብ ቤቶች፣ ሮው ሃውስ ከሚባሉት፣ አንዱን የገዙ ወገኖቻችን ከጎናቸው ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ሲያገኙት «ይህን ድፍን ግድግዳ በስተን መስኮት ብናወጣለት ምን አለበት?» ሲሉ ደጋግሜ መስማቴ ነው።

ለጥያቄው መልስ ለመስጠት የግድግዳውን ጥንተ ነገር ማወቅ ይገባል። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1791 ለአዲሲቱ ከተማ ባወጡት የሕንፃ ደንብ፣ የቤቶች የውጭና የወሰን ግድግዳ በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠራ አዘዙ፤ ቀድሞ የሚሠራውም ሰው የወሰኑን ግድግዳ እኩሌታ በጎረቤቱ መሬት ላይ እንዲያቆም ፈቀዱለት፤ ጎረቤቱ ደግሞ በተራው ቤቱን በዚያው ግድግዳ ላይ ሲያስጠጋ የድርሻውን እንዲከፍል ደነገጉ። እንግዲህ ዛሬ ብቻውን ቆሞ የምናየው የጎን ግድግዳ ሲታነጽ ሁለት ቤት እንዲሸከም ታስቦ ነበር እንጂ ወደ ውጭ እንዲመለከት አልነበረም።

ጎኑን ያራቆተው ብዙ ጊዜ የታሪክ መከራ ነው። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 በተገደሉ ጊዜ በተነሣው ሁከት፣ በሰባተኛው፣ በዐሥራ አራተኛውና በኤች መንገዶች ዳር ብዙ ሕንፃ ተቃጠለ፤ ፍርስራሹ ከተጠረገ በኋላም አንዳንዱ ቦታ ለዘመናት ጠፍ ሆኖ ስለ ቀረ፣ በአጠገቡ የተረፈው ቤት ጎኑ ለዝናብና ለፀሐይ ተጋለጠ። ከ1974ቱ አብዮት ወዲህ የተሰደደው ወገናችን በኋላ ዘመን በዩ መንገድና በዘጠነኛው መንገድ ምግብ ቤቱንና ሱቁን የከፈተው በዚሁ አካባቢ ነው።

የእነዚህ ቤቶች የወለል አግዳሚ እንጨቶች አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ የጎን ግድግዳ ወደ ሌላው የተዘረጉ ናቸውና፣ ግድግዳውን መብሳት የቤቱን ትከሻ መንካት ነው፤ መሐንዲስ ክብደቱን ሳያሰላና ከክፍተቱ በላይ ደጋፊ አግዳሚ ሳይጋደም መዶሻ ሊያርፍበት አይገባም። ደግሞም ከእይታና ከዝናብ ተሰውሮ ይኖራል ተብሎ በመታሰቡ፣ በጎን ግድግዳ ውስጥ በደንብ ያልበሰለ ለስላሳ ጡብ መግባቱ የተለመደ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ጡብ በጠንካራ ሲሚንቶ የሚያያይዝ ሰው ርጥበቱን ውስጡ አፍኖ ጡቡን ያስፈረክሳል፤ የሚስማማው የኖራ ምርጊት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የባለቤትነቱ ነገር ነው። ግድግዳው የጋራ ከሆነ ያለ ጎረቤት ፈቃድ አይበሳም። ሙሉ በሙሉ በራስ መሬት ላይ ቢቆም እንኳ፣ ከተማው እንዲህ ያለውን መስኮት የሚፈቅደው የእሳት መከላከያ ተደርጎለት፣ ባለቤቱም ጎረቤቱ ሕንፃ ሲያቆም መስኮቱን እንደሚደፍን በፊርማው ውል ሲገባ ነው። ብዙዎች ይህን ግዴታ እንደ ግፍ ይቆጥሩታል። እኔ ግን እንደ ፍትሕ አየዋለሁ።

ምክንያቴም የአገሮችን ሕግ ስናስተያይ ይታያል። በእንግሊዝ አገር በ1832 በወጣው ሕግ መሠረት፣ አንድ መስኮት 20 ዓመት ሳይታገድ ብርሃን ከተቀበለ ባለቤቱ የብርሃን መብት ያገኛል፤ በፈረንሳይ ደግሞ ፊት ለፊት የሚያሳይ መስኮት ከወሰኑ 1.90 ሜትር ሳይርቅ አይከፈትም። አሜሪካ የእንግሊዙን መንገድ አልተከተለችም፤ በ1959 በማያሚ ቢች የፎንቴንብሎ ሆቴል የሚያሠራው 14 ፎቅ በጎረቤቱ በኤደን ሮክ ሆቴል መዋኛ ላይ ጥላ ይጥላል ተብሎ ቢከሰስ፣ የፍሎሪዳ ፍርድ ቤት ከጎረቤት መሬት አልፎ ለሚመጣ ብርሃን መብት የለም ሲል ወሰነ። በእንግሊዙ ሥርዓት ዝም ብሎ የታገሠ ደግ ጎረቤት በትዕግሥቱ መብቱን ያጣል፤ ስለዚህ ደግነትን የሚያስፈራ ሕግ ነው። በአሜሪካው ሥርዓት ግን የታገሠ ሰው ምንም አይጎድልበትም። አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ የተመኘው መሬቱን ሽቶ ነበር፤ የከተማ ሰው ደግሞ ከጎረቤቱ መሬት የሚመኘው ባዶነቱን ነው፤ ይህም ምኞት በልኩ ካልተያዘ ያንኑ ኃጢአት ይወልዳል።

ስለዚህ፣ ወገኖቼ፣ የጎን መስኮት አትክፈቱ አልልም፤ በውሰት የመጣ መሆኑን አውቃችሁ ክፈቱት። ለደረጃው፣ ለመተላለፊያው፣ ለመታጠቢያ ቤቱ ስጡት፤ ልጆቻችሁ የሚተኙበትን ክፍል ግን በእርሱ ብቻ እንዲተነፍስ አታድርጉ። ዘላቂ ብርሃን የምትሹ ከሆነ ከጎረቤታችሁ ጋር ተነጋግራችሁ፣ ዋጋውን ከፍላችሁ፣ ውሉን በጽሑፍ አድርጋችሁ በመዝገብ አስገቡት። ጎረቤታችሁ እሺ ባይላችሁም አትቀየሙት፤ መሬቱ የእርሱ ነውና፤ እናንተም ብርሃኑን ከራሳችሁ ጣሪያ በኩል አስገቡ።