በባሮ ዳር የቀረበልን ማዕድ

ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ተራራውንና ወንዙን አይቶ ሲመለስ አገሩን ያወቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከአገሬው ጋራ በአንድ ገበታ ሳይቀርብ የተመለሰ መንገደኛ ደጁን እንጂ ቤቱን አላየም። ይህንንም የምንለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ በዚህ ነገር እኛው ራሳችን ስለ ተሳሳትን ነው።

በጥር ወር ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ጋምቤላ ወርደን ነበር። ጅማን፥ በደሌንና መቱን አልፈን ጎሬ ስንደርስ ከፍታው 2,000 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ጋቢያችንን አልጣልንም። ከቡሬ በኋላ ግን መንገዱ እየጠመዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ አየሩም እየሞቀ ሄዶ፥ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ከምትለው ከጋምቤላ ከተማ ስንደርስ ጋቢው ቀርቶ ኮቱም ሸክም ሆነብን። ከተማዪቱ በባሮ ወንዝ ዳር ናት፤ ባሮም ከፒቦር ጋራ ተገናኝቶ ሶባት ይባላል፥ ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል።

ስለዚህ ጋምቤላ የመንገደኛ አገር ከሆነች ቈይታለች። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል፥ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ክረምት ሆኖ ወንዙ በሞላ ጊዜ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው የኢሉባቡርንና የወለጋን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

እኛም ከተማዪቱ እንደ ደረስን የፈለግነው የለመድነውን ነበር። የደጋ ሰዎች በከፈቱት ምግብ ቤት እንጀራ በሽሮ፥ በማግሥቱም ሽሮ በእንጀራ እየበላን ሦስት ቀን ቈየን። በአራተኛው ቀን ከአኙዋ ወገን የሆነ፥ እንደ እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የሚሠራ ባልደረባችን ከእናቱ ቤት ምሳ ጋበዘን። እኒያ ደግ እናት የበቈሎ ገንፎና በባምያ የተሠራ የዓሣ ወጥ አቀረቡልን። ዕለቱ ጾም ያልነበረበት ማክሰኞ ስለ ሆነ በጾም ማመካኘት አልቻልንም፤ ነገር ግን እንደ አገራችን ልማድ «እግዚአብሔር ይስጥልን፥ ጠግበናል» አልን። በእኛ ዘንድ እንግዳ መጀመሪያ እምቢ ይላል፥ ባለቤቷም «በሞቴ፥ አፈር ስሆን» ብላ ታጐርሰዋለች። በዚያ ቤት ግን እምቢታችን እምቢታ ሆነ። እናቲቱም ምንም ሳይናገሩ ሳሕኑን አንሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ማታ ባልደረባችን ሲሸኘን፥ «ወንድሜ፥ አንድ ነገር ልንገርዎ። እናቴ፥ እንግዳው የእኛን እጅ ይጸየፋልን? ብላ ጠየቀችኝ፤ የምመልስላት አጣሁ» አለን።

ይህ ቃል እንቅልፍ ነሣን። ከዚህ ምድር ሰው እንደ ከብት እየተነዳ የተሸጠበት ዘመን እንደ ነበረ እናውቃለንና። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ተሽሯል፤ የሕግ ሰዎች ስለ ሆንን ዐዋጁን እናውቀዋለን። ነገር ግን በማዕድ ላይ የሚታየው ንቀት በዐዋጅ አይሻርም፤ የሚሻረው በልቶ ነው። የእኛ እምቢታ ከይሉኝታ የመጣ ቢሆንም፥ እኒያ እናት በዕድሜያቸው ካዩት ንቀት ለይተው ሊያውቁት አይችሉም ነበር።

በማግሥቱ ጧት ስኳርና ቡና ይዘን ተመለስን፥ ልማዳችንንም ገልጠን ይቅርታ ጠየቅን። እሳቸውም ሥቀው፥ «እንግዲያስ ደጋ ስወጣ ርቦኝ ሳለ ጠግቤአለሁ እላለሁ» አሉ። ምንም እንኳ ዕለቱ ረቡዕ ሆኖ ከዓሣው ባንደርስ፥ ገንፎውን በተወቀጠ ለውዝና በቅጠል ወጥ በላን። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ተጠርተን ዓሣውን እስኪጠግበን ድረስ በላን፤ ባምያው መረቁን ያወፍረዋል፥ ገንፎውም በእጅ እየተቈረሰ ይጠቀስበታል። ከባሮ የሚወጣውም ዓሣ ብዙ ዓይነት ነው፤ ነጭ ዓሣ፥ ቆሮሶና አምባዛ በገበያ ይገኛሉ፥ ከትኵሱ የተረፈውም በፀሓይና በጢስ ደርቆ ለሌላ ቀን ይቀመጣል።

ኑዌሮች ደግሞ ከብት አርቢዎች ስለ ሆኑ ማዕዳቸው ወተት ነው። የማሽላ ወይም የበቈሎ ዱቄት በውኃ ረጥቦ እንደ ጥራጥሬ ይድቦለቦልና በእንፋሎት በስሎ በወተት ይበላል፤ ኮፕ ይሉታል። በጥንቱ ሥርዓታቸው ላም የሚያልቡት ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ ለዐቅመ አዳም መድረሱ በግንባሩ ምልክት የታወቀ ወንድ አያልብም። ጐልማሳ ወንድም ዘመዱ ባልሆነች ሴት ፊት መብላት ነውር ነው። እንግዲህ ከወንዶች ጋራ ለብቻ ቢያቀርቡልን ክብር መሆኑን እንወቅ።

መዠንገሮች ግን የጫካ ሰዎች ናቸው። ቀፏቸውን ከረጃጅም ዛፎች ላይ ሰቅለው ማር ይቈርጣሉ፥ ጎደሬም ይተክላሉ፤ ሐረርጌዎች ኩቲ እንደሚሉት ያለ የቡና ቅጠልም አፍልተው ይጠጣሉ። ጫካቸውን ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በዓለም ከሚጠበቁት የሕይወት ክልሎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ማሩ ያለ ጫካው አይኖርምና፥ ይህ ለአገሬው ትልቅ ነገር ነው።

ወደዚያ ለሚወርዱ ቤተ ሰቦች ጥቂት ምክር እንጨምራለን። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ይበረታል። ወባ ስላለ አጎበር አይረሳ፥ ውኃውም ተፈልቶ ይጠጣ፤ ባሮ አዞ ስላለበት ልጆች ከዳሩ ይራቁ። የመንገዱንም ሁኔታ ከመነሣት በፊት መጠየቅ ይገባል። ዓሣ ሲገዙ ዓይኑ የጠራውንና ጉንፉ የቀላውን መምረጥ ነው። የሰው ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ፈቃድ ይጠየቅ። ከሁሉ ይልቅ ግን፥ ሲጋበዙ በመጀመሪያው ቃል እሺ ይበሉ።

ይህ ክልል ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱ ከ300,000 የሚበልጡ ሰዎችን ተቀብሎ ያኖረ ነው። እንግዳ መቀበልን ከእኛ ሊማር የሚገባው አይደለም፤ እንግዳ መሆንን ግን እኛ ከእርሱ ተምረን ተመልሰናል። ስንሰናበት እናቲቱ የደረቀ ዓሣ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡን፤ እኛም በመጀመሪያው ቃል ተቀበልን። አዲስ አበባም ገብተን ለልጆቻችን በባምያ ሠራንላቸው፤ ታናሺቱ ልጃችን ሳሕኑን ጠርጋ «ሌላ የለም?» አለች።